ክረምት ሳይገባ የቤታችሁን ግድግዳ ጠግኑ

ገበሬዎች ሆይ፤ ዝናብ ሳይጥል ማረሻችሁን እንደምታሳሉ፥ ሞፈርና ቀንበራችሁን እንደምታሰናዱ ሁሉ ቤታችሁንም ልታሰናዱ ይገባል። በጉንደ ወይንና በአካባቢዋ ባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ ቤት ብዙ ነው። ይህ ቤት እስካልረጠበ ድረስ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ጠላቱ ውሃ ነው። ከጣራ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። የራሰ እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል። ግድግዳው ከላይ ደኅና መስሎ ከታች ያልቃል። በነሐሴ ሌሊት ቢወድቅ የሚወድቀው በልጆችና በእህል ላይ ነው።

ይህን ለመከላከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዶማ፥ አካፋና መጥረቢያ በቤታችሁ አለ። ከገበያ የሚገዛው ምስማር መንቀያ ያለው መዶሻ፥ መጋዝና ሜትር ነው። ቱንቢን ግን ራሳችሁ ሥሩት፤ በሲባጎ ጫፍ ድንጋይ ብታስሩ ቋሚው ቀጥ ማለቱን ያሳያችኋል። መሰላል ከጎረቤት ተዋሱ። የመዶሻው እጀታ ከላላ ሽብልቅ ሳትመቱበት አትሥሩ፤ የወለቀ መዶሻ ዓይን ያጠፋል።

ሥራው በሚከተለው ተራ ይሁን።

1ኛ፤ መርምሩ። በየቋሚው እግር ቢላዋ ውጉ። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ቋሚው ጠንካራ ከሆነና ጭቃው ብቻ ከረገፈ ምርጊት ይበቃዋል።

2ኛ፤ ውሃውን አርቁ። ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ቆፍሩ። በግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በ1 ሜትር ርቀት 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል መልካም ነው። ብዙ ሰው ግድግዳውን ለመደገፍ ሲል አፈር ይቆልልበታል። ይህ ስሕተት ነው፤ አፈሩ እርጥበት ይዞ እንጨቱን ያበሰብሳል። በአፈር ፈንታ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት ላይ ጠጠር አንጥፉ።

3ኛ፤ የበሰበሰውን ቋሚ ለውጡ። አስቀድማችሁ ጣራውን በጠንካራ ባላ ደግፉ። ሁለት ቋሚ ባንድ ጊዜ ከቶ አትንቀሉ። አዲሱ እንጨት ተልጦ የደረቀ ይሁን፤ ትኩስ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም። ከግቢያችሁ የተገኘ አሮጌ ጥድ ወይም ወይራ ካለ መሬት ውስጥ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቆያል። ቋሚውን በቱንቢ አቅኑ፤ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁ።

4ኛ፤ ጭቃውን አቡኩ። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ምረጡ። የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ ርገጡት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ እየጨመራችሁና በየጥቂት ቀኑ እየረገጣችሁ አቆዩት። ከመመረጋችሁ በፊት በግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ለጥፋችሁ አድርቁ። ከተሰነጠቀ ጭድ ጨምሩ።

5ኛ፤ ምረጉ። የላላውን ጭቃ ፍቃችሁ አሮጌውን ግድግዳ በውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ ግድግዳ አዲሱን ጭቃ አይዝም። የመጀመሪያው ምርጊት ደኅና አድርጎ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሩ። የመጨረሻው ልቅለቃ በአፈርና በእበት ይሁን። በዚህ ሥራ እናቶች ከማናችንም ይበልጥ ያውቃሉና ምክራቸውን ስሙ።

6ኛ፤ ጣራውን ተመልከቱ። ቆርቆሮ ከሆነ ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ከምስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይግባ። ነፋስ ሲኖር ወይም ቆርቆሮው ሲረጥብ አትውጡ።

ጭድ ከአውድማ እንደ ተነሣ፥ በጥርና በየካቲት ሥራውን ብትጀምሩ ምርጊቱ ከሰኔ በፊት ይደርቃል። ሁሉን ባንድ ዓመት መጨረስ ባትችሉ ቦዩን አስቀድሙ። ቦይ የሚጠይቀው ዶማና የግማሽ ቀን ድካም ብቻ ነው፤ ውሃ የማይደርስበት ግድግዳ ግን እስከሚመጣው በጋ ድረስ ሊጠብቃችሁ ይችላል።