ሜኔሊክ አደባባይን በአረንጓዴ ጨርቅ

የጂኦግራፊ ትምህርታችንን በቪዲዮ ስናዘጋጅ አንዲት ተማሪያችን ጅቡቲ ከተማ፣ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ቆማ እንድታስረዳ ፈለግን። ከካምፑ ልንወስዳት ግን አልቻልንም። ስለዚህ የአደባባዩን ፎቶ አስመጥተን አረንጓዴ ጨርቅ ሰቀልን።

ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ያጠፋና በቦታው ፎቶውን ያስገባል። አረንጓዴ የተመረጠው ከሰው ቆዳ ቀለም ስለሚርቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ጨርቁን ተጠግታ ቆመች። ጥላዋ ጨርቁ ላይ አረፈ፣ የጨርቁም ነጸብራቅ ትከሻዋ ላይ ወጣ። ኮምፒዩተሩ ጥላውን ትቶ ትከሻዋን ቆረጠው! ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ለጨርቁና ለሰው አንድ መብራት አይበቃም።

ከዚያ የተማርነው ይኸው፦

1. ጨርቁ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ ተተኩሶ ይወጠር።
2. ሁለት ተመሳሳይ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በእኩል ርቀት ጨርቁን ብቻ ያብሩ።
3. ተናጋሪው ከጨርቁ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ለእሱ ሌላ መብራት ይኑር።
4. አረንጓዴ ልብስም ሻሽም አይለበስ።
5. ፎቶውን እዩ። ፀሐዩ ነጫጮቹን ቅስቶች ከግራ ከመታ፣ የተናጋሪውም መብራት ከግራ ይምጣ።

በማግስቱ ልጅቷ ሙሉ ሆና ታየች። አደባባዩ ከጅቡቲ ነፃነት በኋላ «ጁን 27 ቀን 1977» ተብሎ እንደተሰየመ፣ ሰው ግን ዛሬም ሜኔሊክ እንደሚለው አስረዳች። እኛም ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ጀርባው ፎቶ ነው» ብለን ጻፍን። ያልሄደችበትን ሄደች ማለት አንወድም፤ አንድ ቀን በእግሯ ትሄድበታለች።