ተጨማሪ መረጃ፦ የካሜራው ሌንስ አልገባም ሲል

የትንሽ ዲጂታል ካሜራ ሌንስ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገቡ ቱቦዎች የተሠራ ነው። ካሜራው ሲከፈት አነስተኛ ሞተር በፕላስቲክ ጥርሶች አማካይነት ቱቦዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ በመሆኑ በይፋት ቆላ የማሾ አውድማ አቧራ ወይም የሮቢ ወንዝ አሸዋ ቅንጣት ሊያጣብቃቸው ይችላል። ያን ጊዜ ካሜራው የሌንስ ስሕተት አመልክቶ ይጠፋል።

ምን ይደረግ?

• ካሜራውን አጥፍቶ ባትሪውን ማውጣት፤ ጥቂት ቆይቶ የተሞላ ባትሪ ማስገባት። የደከመ ባትሪም ሌንሱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።
• ሌንሱን ወደ መሬት ደፍቶ ዙሪያውን በጎማ መንፊያ ማራገፍ። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል።
• ዘይት አለመቀባት፤ በጉልበት አለመጎተት።
• በዚህ ካልተስተካከለ ለባለሙያ ማሳየት።

ማስጠንቀቂያ፦ ካሜራውን ራስዎ አይፍቱት። የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ከወጣም በኋላ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ልብ ይበሉ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደጋ ብርድ ያደረ ካሜራ ቆላ እንደወረደ ወዲያው ከቦርሳው ከወጣ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ እዚያው ቦርሳው ውስጥ እስኪሞቅ መጠበቅ ይበጃል።