የማማውን ሸክም ማቃለል

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ለጥያቄዎቹ መልስ ስጡ።

በጅማ ከተማ፣ በመንደራ ቆጪ፣ አመሻሹ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የእጅ ስልኩን ከፈተ እንበል። ተማሪው የትምህርት ፊልም ያወርዳል፤ ነጋዴው የቡና ዋጋ ይጠይቃል፤ እናት ሩቅ አገር ካለ ልጇ ጋር እየተያየች ትነጋገራለች። በዚህን ጊዜ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የእጅ ስልክ መልእክቱን የሚልከው በአየር ሞገድ አማካይነት በአቅራቢያው ወዳለ ማማ ነው። ለማማው የተመደበው ሞገድ ውስን ስለሆነ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይህንኑ ይካፈላሉ። ነገሩ አንድ በር ብቻ ያለውን ገበያ ይመስላል፤ ቡና የጫነውም ሆነ ባዶ እጁን የመጣው ተራ መጠበቁ አይቀርም። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር ዋና ተግባሩ ድምፅ ማስተላለፍ ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉ የሚከብደው ጭነት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ ጭነቱን ከማማው አንሥቶ ወደ ሌላ መንገድ ማዛወር ነው። ይኸውም በቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በሻይ ቤት ዋይፋይ መትከል ነው። ዋይፋይ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሚገኙ የተለዩ ሞገዶች ስለሚሠራ የማማውን ድርሻ አይሻማም። የሚደርስበት ርቀት አጭር በመሆኑም ያው ሞገድ ራቅ ባለ ሌላ ቤት እንደገና ያገለግላል። የተቀበለውን መረጃ ደግሞ ፋይበር በተባለው የመስታወት ገመድ ወይም በስልክ ሽቦ ወደ ዋናው መሥመር ያስተላልፋል።

ይሁን እንጂ ዋይፋይ ሁሉ ሸክም ያቃልላል ማለት አይደለም። በሲም ካርድ የሚሠራው መረጃውን መልሶ የሚሰጠው ለዚያው ማማ ነው። ገመዱ ደካማ ከሆነ መጨናነቁ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም። መብራት በጠፋ ጊዜም ሁሉም ወደ ማማው ይመለሳል።

እንግዲህ ገመድ በደጁ ያለ ሰው ከባዱን ጭነት በገመድ ቢልክ፣ አየሩን የሚለቀው ሌላ መንገድ ለሌለው ነው። ከአጋሮ ቡና ጭኖ የሚጓዘውን ነጋዴ ገመድ ተከትሎት አይሄድምና።

መልመጃ
1. ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?
2. በሲም ካርድ የሚሠራ ዋይፋይ የማማውን ሸክም የማያቃልለው ስለ ምንድን ነው?
3. «ውስን»፣ «ይሻማል»፣ «ያቃልላል» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
4. በአካባቢያችሁ በጋራ ስለምትጠቀሙበት ነገር አንድ አንቀጽ ጻፉ።