በቀድሞ የእጅ ሰዓት ላይ የአገራችን ሰዓት አቈጣጠር

ሞላቸው በየቀኑ የሚሞላ አሮጌ የእጅ ሰዓቶችን ዛሬም ዘወትር የሚያስሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ይተያያሉ፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሠሪው፣ ስለ ፊቱ መወየብ ይጫወታሉ። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 በኳርትዝ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ ወዲህ ባለ ሞላው ሰዓት ግድ አስፈላጊ መሆኑ ቀርቷል፤ የሚያስሩት ሰዎች ወደውት ነው። ለባህል ጥናት ግን ከዕቃው አሠራር ይልቅ የሚጠቅመው ባለቤቱ እንዴት እንደሚያነብበው ማወቅ ይመስለናል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የቀኑ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ስለ ሆነ አቈጣጠሩ ዓመቱን ሙሉ ከፀሓይ ጋራ እምብዛም አይለያይም። የእጅ ሰዓቱ ግን የተሠራው ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ለሚቈጥሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ አንዱ ቆጣሪዎቹን በአገር አቈጣጠር አስተካክሎ ያስራል፤ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር እንዳለ ትቶ ከሰዓት ቆጣሪው ትይዩ ያለውን ቍጥር ያነባል። ቆጣሪው 9 ላይ ሲያርፍ አንደበቱ «ሦስት ሰዓት» ይላል። ይህም የሚቻለው የ6 ሰዓት ልዩነት የሰዓቱን ፊት በትክክል ለሁለት ስለሚከፍለው ነው፤ ደቂቃው ሳይለወጥ ይነበባል።

ችግሩ ልማዱ በዕቃው ላይ ምልክት አለመተዉ ነው። ከሟች የተወረሰ ሰዓት 3 ላይ ቆሞ ቢገኝ፣ ባለቤቱ ሦስት ይበለው ዘጠኝ ከዕቃው መረዳት አይቻልም። እንግዲህ መዝጋቢው የሠሪውን ስምና ቍጥር ከመጻፉ በፊት የሚያስረውን ሰው በሕይወት ሳለ ሊጠይቀው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1945 እንደ ወጣው እንደ ሮሌክስ ዴትጀስት ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለው ሰዓት ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ቀኑ የሚለወጠው ሰዓት ቆጣሪው ሁለት ዙር ጨርሶ 12 ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በአገር አቈጣጠር የተስተካከለው ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ቆጣሪውን አንድ ዙር ማዞር ይበቃል። ንጋቱ ከሰዓት አቈጣጠራችን ጋራ ይስማማል፤ ምሽቱ ደግሞ ዕለትን ከዋዜማው ማታ ከሚጀምረው የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጋራ። የእጅ ሰዓት ሠሪው ይህን አላሰበም ነበር።

የቀኑ ቍጥር እስከ 31 ስለሚሄድ በአውሮፓ አቈጣጠር በዓመት 5 ጊዜ፣ በእኛ ግን 13 ጊዜ መታረም አለበት። ከሁሉ የሚከብደው መስከረም 1 ቀን ነው። ከጳጕሜን 5 በኋላ መስኮቱ 6 ያሳያል፤ ቀኑን ለብቻው መለወጫ የሌለው አሮጌ ሰዓት ወደ 1 እንዲመለስ 26 ቀን ወደ ፊት መሄድ ይኖርበታል፤ ይኸውም የሰዓት ቆጣሪውን 52 ዙር ማዞር ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ስለምትሆን 50 ዙር ይበቃል። ይህን ድካም ሽቶ የማያደርግ፣ መስኮቱን ለአውሮፓ ቀን ትቶ ሰዓቱን ብቻ በአገር አቈጣጠር የሚያስኬድ ሰው ደግሞ የአውሮፓው ቀን በንጋት ወይም በምሽት 12 ሰዓት ሲለወጥበት ይኖራል።