የሰንጋው ክትባትና የቫይረሱ ዶቃዎች

ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ፎቆች ሰፈር ነው፤ ስሙ ግን አሁንም የሰንጋ ነው። ለሰንጋውም ለእርሻ በሬውም አፍተግር ክፉ በሽታ ነው፤ ምላስ ያቆስላል፣ ልጋግ ያዝረበርባል፣ የሰኮናውን መሀል ልጦ በሬውን በእርሻ ወቅት ከቀንበር ያስወጣል። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርትለታል። ይሁንና ቫይረሱ ሰባት ዓይነት ነው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሠራም። ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 በአገራችን ታይተዋል። በአንዱ ዓይነት ውስጥ እንኳ ቫይረሱ እየተለዋወጠ ከክትባቱ ይርቃል። ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን የት ላይ እንደሚይዘው ከፕሮቲኑ ቅደም ተከተል መገመት እዚህ ላይ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮቲን ማለት 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። በቫይረሱ ቅርፊት ላይ ያለው ቪፒ1 የተባለው ፕሮቲን 210 ገደማ ዶቃ አለው፤ ከ140ኛው እስከ 160ኛው ያለው ክፍል እንደ ቀለበት ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ቫይረሱ የከብቱን ሕዋስ የሚጨብጠው በዚሁ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካልም የሚያነጣጥረው እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሆፕና ውድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ውሃ ወዳድ አሚኖ አሲዶች የበዙበት ክፍል ከፕሮቲኑ ውጭ ስለሚውል ፀረ እንግዳ አካል ያገኘዋል ብለው ስሌት አወጡ። በዓመቱ በቤተ ሙከራ የተሠራ የዚያ ቀለበት ቁራጭ ጊኒ ፒጎችን ከአፍተግር ጠበቀ።

ከብት ላይ ሲደርስ ግን ተስፋው ላላ። በደቡብ አሜሪካ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ሰፊ ጥናት አብዛኞቹ ከብቶች እንዳልተጠበቁ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ብላይዝና ፍላወር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ሆፕና ውድስ ስሌት ያሉ 500 ያህል የአሚኖ አሲድ መለኪያዎችን ፈትሸው፣ ምርጦቹ እንኳ ከዕጣ እምብዛም እንደማይሻሉ አረጋገጡ። እንዲህ ያለውን ግምት የሚተቹት እውነት አላቸው። ነጠላ ሲታጠፍ የሁለቱ ጫፍ ጥለት እንደሚገናኝ ሁሉ፣ በሰንሰለቱ ላይ የተራራቁ ዶቃዎችም ፕሮቲኑ ሲታጠፍ ጎን ለጎን ይውላሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዛቸው አብዛኞቹ ቦታዎች እንዲህ የተገናኙ ናቸው። እንደ ቤፒፕሬድ 3 ያሉት አዳዲስ ፕሮግራሞች ከብዙ ሚሊዮን ፕሮቲኖች በተማሩ ሞዴሎች ላይ ስለቆሙ ከቀደሙት ይሻላሉ፤ ዛሬም ግን ይስታሉ።

ስለዚህ በግምት ብቻ ክትባት ይሠራ አልልም፤ ግምቱ ወንፊት ይሁን። ክትባቱ ከአዲሱ ቫይረስ ጋር መግጠሙን የሚያረጋግጠው የሴረም ምርመራ ሕያው ቫይረስ ማሳደግ፣ ጥብቅ ላቦራቶሪና ከተከተበ ከብት የተወሰደ ሴረም ይፈልጋል፤ የመጣውን ናሙና ሁሉ በዚያ ማሳለፍ አይቻልም። ቅደም ተከተሉ ግን ከታመመ በሬ ምላስ ላይ ከተነሣ የቁስል ልጣጭ ይነበባል። ከክትባቱ ዝርያ ጋር ሲተያይ ለውጡ የበዛው ፀረ እንግዳ አካል ይይዝበታል በተባለው ቦታ ከሆነ፣ ያ ናሙና ቀድሞ ወደ ሴረም ምርመራ ይግባ፤ ለውጡ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀበት ወረፋውን ይጠብቅ።