የሒሳብ ሙግት በሊቃውንትና ከሙያው ውጭ ባሉ ሰዎች መካከል

ሒሳብ ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ይልቅ ክርክርን የማያስተናግድ፣ መልሱ አንድና ቁርጥ ያለ ትምህርት ተደርጎ መቆጠሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲመረመር ከማናቸውም የዕውቀት ዘርፍ ባልተናነሰ ሁኔታ ሙግት የበዛበት ሆኖ ይገኛል። በተለይም በሙያው ሠልጥነው በሚተዳደሩበት ሊቃውንትና ቁጥርንና ቅርጽን በፍቅር ብቻ በሚመራመሩ ከሙያው ውጭ ባሉ ሰዎች፣ በተለምዶ አማተር በሚባሉት፣ መካከል የተካሄደው ሙግት ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚሁ ሙግት ጥቂት አጋጣሚዎችን አንሥቶ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም ማዕረግም ሆነ ሥልጣን የሌለው ሰው የሒሳብ ሐሳብ ይዞ ሲቀርብ ሐሳቡ በምን ሊመዘን ይገባል? የሚለው ነው። ጥያቄው ለመምህራን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ እጁን የሚያነሣ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት የለም፤ መምህሩ በዚያች ደቂቃ የሚሰጠው መልስ ተማሪው ስለ ሒሳብ ምንነት የሚኖረውን ግንዛቤ ለብዙ ዘመን ይወስናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፓሪስ አካዳሚ ውሳኔ

በ1775 የፈረንሳይ የሣይንስ አካዳሚ ከየአቅጣጫው ይጎርፉለት የነበሩትን «መፍትሔዎች» ከእንግዲህ እንደማይመረምር ወሰነ። የተከለከሉት አርእስት አራት ሲሆኑ እነርሱም አንድን ክብ በስፋት እኩል ወደሆነ ካሬ መለወጥ፣ ማንኛውንም ማዕዘን ለሦስት እኩል መክፈል፣ የአንድን ኪዩብ ይዘት እጥፍ የሚይዝ ኪዩብ መሥራትና ያለማቋረጥ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ መኪና ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከጥንት ግሪኮች የተወረሱ ሲሆኑ፣ መሣሪያው ምልክት የሌለበት ማስመሪያና ኮምፓስ ብቻ እንዲሆን ያስገድዳሉ።

በዚህ ውሳኔ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በ1775 ሦስቱ ሥራዎች የማይቻሉ መሆናቸው ገና በማረጋገጫ አልተገለጸም ነበር። ማዕዘንን ለሦስት መክፈልና ኪዩብን ማጠፍ የማይቻል መሆኑን ወጣቱ ፈረንሳዊ ፒየር ዋንትዘል ያረጋገጠው በ1837 ነው፤ ክብን ወደ ካሬ መለወጥ እንደማይቻል ደግሞ ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ሊንደማን ያረጋገጠው በ1882 ነው። እንግዲህ አካዳሚው ማረጋገጫውን 62 እና 107 ዓመታት ቀድሞ በሩን ዘግቷል ማለት ነው። በሩን የዘጋው ስላወቀ ሳይሆን ስለደከመው ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። ውሳኔው የአስተዳደር ውሳኔ እንጂ የሒሳብ ውሳኔ አልነበረም፤ እንደ አስተዳደር ውሳኔ ግን ተገቢ ነበር።

ማረጋገጫዎቹ ከተገኙም በኋላ ቢሆን የመፍትሔ አቅራቢዎች ቁጥር አልቀነሰም። የዚህ ምክንያት በአብዛኛው «አይቻልም» በምትለው ቃል ላይ ያለ አለመግባባት ነው። ከሙያው ውጭ ያለው ሰው ቃሊቱን የሚሰማት «እስከ ዛሬ የቻለ አልተገኘም» በሚል ትርጉም ነው፤ ስለሆነም እንደ ፈተና ይቆጥራታል። የሒሳብ ሊቅ ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው። በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራ እያንዳንዱ እርምጃ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ሌላ የሚጨምረው ዳግም ዘርን ማውጣት ብቻ ነው። እርምጃው ሺህ ጊዜ ቢደጋገምም ከዳግም ዘር፣ ከዳግም ዘር ዳግም ዘርና ከመሳሰሉት አያልፍም። በሌላ በኩል 60 ዲግሪን ለሦስት ለመክፈል የ20 ዲግሪ ኮሳይን ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ሀ ቢባል 8ሀ³ − 6ሀ − 1 = 0 የሚለውን እኩልዮሽ ያሟላል። እኩልዮሹ ሦስተኛ ርቢ ያለው፣ በክፍልፋይ ቁጥር የሚገለጽ መልስ የሌለውና ወደ ዝቅተኛ ርቢ የማይከፈል ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ በእጥፍ በሚያድግ መሰላል ላይ ሦስተኛው ርከን እንደማይገኝ ሁሉ ይህም ቁጥር በዳግም ዘር ብቻ አይደረስበትም። ክርክሩ የሰውን ብልሃት ሳይሆን የመሣሪያውን ወሰን የሚመለከት ነው።

ለዚህም ነው መሣሪያው ሲለወጥ መልሱም የሚለወጠው። በማስመሪያው ላይ ሁለት ምልክት ብቻ እንዲደረግ ቢፈቀድ ማዕዘንን ለሦስት መክፈል ይቻላል፤ አርኪሜዲስም መንገዱን ያውቀው እንደነበር ይነገራል። አናጢውም በቂ በሆነ ግምት ይከፍለዋል፤ የሚወቅሰውም የለም። ብዙዎቹ አማተሮች የሚያቀርቡት ሥራ በእርግጥም ግሩም ግምት ነው። ስሕተታቸው ግምትን ማረጋገጫ ብለው መሰየማቸው ነው።

የኢንዲያና ረቂቅ ሕግ

ከዚህ ሁሉ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችን ይበልጥ የሚመለከተው በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ1897 የተፈጸመው ነው። ኤድዋርድ ጉድዊን የተባለ የሕክምና ዶክተር ክብን ወደ ካሬ የመለወጥ ዘዴ አግኝቻለሁ በማለት ሐሳቡ በሕግ እንዲጸድቅለት በምክር ቤት አባል አማካይነት አቀረበ። ለሐሳቡም ማባበያ አከለበት፤ ሌሎች ለዘዴው ክፍያ ሲከፍሉ የኢንዲያና ትምህርት ቤቶች ግን በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በረቂቁ ውስጥ የሰፈረው ስሌት ፓይ የተባለውን ቁጥር 3.2 ያደርገዋል።

ረቂቁ በመጀመሪያ ረግረጋማ መሬትን ለሚመለከተው ኮሚቴ ተመርቶ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ትምህርት ኮሚቴ ተዛወረ። የትምህርት ኮሚቴውም እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረበ! ከዚያም የተወካዮች ምክር ቤት 67 ለ0 በሆነ ድምፅ አሳለፈው። ነገሩን ያቆመው አጋጣሚ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ክላረንስ ዋልዶ ስለ ሌላ የበጀት ጉዳይ ወደ ምክር ቤቱ በመጣበት ዕለት ክርክሩን ሰማ፤ ለሴኔቱ አባሎችም ነገሩን አስረዳ። ሴኔቱ ረቂቁን ላልተወሰነ ጊዜ አስተላለፈው።

የሚያስገርመው ከ67ቱ እንደራሴዎች አንዱ እንኳ ሲባጎ አለማውጣቱ ነው። ዲያሜትሩ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንኮራኩር ዙሪያው ወደ 220 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በረቂቁ ስሌት ግን 224 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአራት ሴንቲ ሜትር ልዩነት በየትኛውም የገጠር ትምህርት ቤት፣ በሲባጎና በሜትር፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ኮሚቴው የጎደለው ከፍተኛ ሒሳብ ሳይሆን ራሱ ለመለካት መነሣት ነበር። የቀረበለትን ማባበያ መዘነ፤ ሐሳቡን ግን አልመዘነም።

የመጀመሪያዋ ስሕተት ያለችበት መስመር

በ1908 ከጀርመናዊው ፓውል ቮልፍስኬል ውርስ 100,000 ማርክ የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም ለሚያረጋግጥ ሰው ሽልማት እንዲሆን ተመደበ። (ፌርማ ራሱ በቱሉዝ ከተማ የሕግ ባለሙያ እንጂ የሒሳብ መምህር አልነበረም።) በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 621 የተሳሳቱ ማረጋገጫዎች ለጎቲንገን ደረሱ። በዚያ ያስተምር የነበረው ኤድሙንድ ላንዳው የታተመ ካርድ አዘጋጀ፤ ካርዱ የመጀመሪያዋ ስሕተት በዚህ ገጽ፣ በዚህ መስመር ላይ ትገኛለች የሚል ሲሆን ገጹንና መስመሩን ተማሪዎቹ ይሞሉ ነበር።

በዚህ ድርጊት ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ፍትሐዊ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተማረ አይጠይቅም፤ መስመሩን ያሳያል። በ1993 አንድሩ ዋይልስ የተባለው የፕሪንስተን ሊቅ ቲዎረሙን አረጋግጫለሁ ባለ ጊዜ የተደረገለትም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ መርማሪዎች ክፍተት አገኙበት፤ ክፍተቱንም ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ የዘጋው በ1994 ነው። ሥራው በ1995 ታተመ፤ የቮልፍስኬል ሽልማትም በ1997 ተሰጠው።

ሊቃውንት ደብዳቤዎችን ባያነብቡ ኖሮ የሚቀረው ነገር ቀላል አልነበረም። የማድራስ ወደብ ጸሐፊ የነበረው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1913 ለካምብሪጁ ሃርዲ የጻፈው ደብዳቤ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ከእርሱ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅመው የማርጆሪ ራይስ ታሪክ ነው።

ጥያቄው የንጣፍ ጥያቄ ነው፦ ክፍተት ሳይኖር ወለልን መሸፈን የሚችሉ፣ ወደ ውስጥ የማይሰረጉዱ ጎነ አምስት ቅርጾች ስንት ዓይነት ናቸው? በ1918 ካርል ራይንሃርት አምስት ዓይነት አገኘ። በ1968 ሪቻርድ ከርሽነር ሦስት ጨምሮ ዝርዝሩ በዚህ ተፈጸመ አለ። በ1975 ማርቲን ጋርድነር ይህንኑ በሣይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ለብዙኃኑ አንባቢ አቀረበ። የተፈጸመ የተባለው ዝርዝር ብዙ አልቆየም፤ ሪቻርድ ጄምስ የተባለ አንባቢ ዘጠነኛውን ላከ። በሳን ዲዬጎ የምትኖረው የቤት እመቤት ራይስ ደግሞ መጽሔቱን ያገኘችው ለልጇ ይመጣ ስለነበረ ነው። የሒሳብ ትምህርቷ ከሁለተኛ ደረጃ አያልፍም፤ የሙያውን ምልክቶች ስለማታውቅ የራሷን ምልክት ፈጠረች። በ1976 እና በ1977 ውስጥ አራት አዳዲስ ዓይነቶች አገኘች።

ለዚህ ውጤት ምስጋና የሚገባት ራይስ ብቻ አይደለችም። ጋርድነር ሥራዋን ለዶሪስ ሻትሽናይደር ላከው፤ እርሷም እንግዳ የሆነውን ምልክት ለማንበብ ጊዜዋን ሰጥታ ትክክለኛነቱን አረጋገጠች፤ ለሙያው ማኅበረሰብም አስተዋወቀችው። ሌላ ሰው ቢሆን በአጻጻፉ ብቻ ወረቀቱን ወደ ጎን ባደረገው ነበር። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ በ1985 ወደ 14፣ በ2015 ወደ 15 አድጓል፤ ከ15 በላይ ሊኖር አለመቻሉንም ሚካኤል ራዎ በ2017 በኮምፒዩተር ርዳታ የተሠራ ማረጋገጫ አቅርቧል።

ሦስቱ በሮች

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚሳሳቱት ባለ ማዕረጎቹ ናቸው። በ1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የተባለች አምደኛ ፓሬድ በተባለ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ለአንድ አንባቢ ጥያቄ መልስ ሰጠች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከሦስት በሮች ከአንዱ ኋላ መኪና፣ ከሁለቱ ኋላ ፍየሎች አሉ። ተወዳዳሪው አንድ በር ይመርጣል። መኪናው የት እንዳለ የሚያውቀው አስተናጋጅ ከቀሩት ሁለት በሮች ፍየል ያለበትን ከፍቶ ያሳየዋል፤ ምርጫህን ትለውጣለህን? ብሎም ይጠይቀዋል። መለወጡ ይጠቅመዋል? እርሷ አዎን፣ የማሸነፍ ዕድሉ ከሦስት ሁለት ይሆናል አለች።

እንደተዘገበው ወደ 10,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ደረሷት፤ ወደ 1,000 የሚጠጉት በዶክተርነት ማዕረግ የተፈረሙ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ተሳስተሻል የሚሉ ነበሩ። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፓውል ኤርዶሽ እንኳ በኮምፒዩተር የተደረገ ሙከራ እስኪያይ ድረስ እንዳላመነ ወዳጁ ጽፏል። ትክክለኛዋ ግን እርሷ ነበረች። ምክንያቱም አጭር ነው፤ ተወዳዳሪው በመጀመሪያ ትክክለኛውን በር የሚመርጠው ከሦስት አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ መለወጥ ያከስረዋል። በቀሩት ሁለት ጊዜያት ስቷል፤ አስተናጋጁም ሌላውን ፍየል ስላስወገደለት መለወጥ መኪናውን ያስገኝለታል። ነገሩ የሚጸናው አስተናጋጁ ሁልጊዜ በር የሚከፍት፣ የሚከፍተውም አውቆ ከሆነ ብቻ ነው፤ በጭፍን ከከፈተ ስሌቱ ይለወጣል። ከተቃዋሚዎቹ ጥቂቶቹ ይህንን ነጥብ ይዘው ነበር፤ ለእነርሱ ማመካኛ ይሆናል።

ቮስ ሳቫንት ሙግቱን ለመዳኘት የጠራችው የትምህርት ቤት ልጆችን ነው። መምህራን በየክፍላቸው በሦስት ኩባያ ሙከራውን እንዲያደርጉ ጠየቀች፤ ውጤቱም ደገፋት። ይህ ሙከራ በእኛም ክፍሎች ያለ ወጪ ይሠራል። ሦስት ኩባያና አንድ ጠጠር ይበቃል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው እያንዳንዳቸው 30 ጊዜ እየለወጡ፣ 30 ጊዜ ሳይለውጡ እንዲጫወቱና ውጤቱን በሰሌዳ እንዲደምሩ ማድረግ ነው። አንድ ጥንድ ብቻውን ከተሳሳተ ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል፤ የክፍሉ ድምር ግን ብዙም አይስትም።

ሙከራ የማይፈታው ሙግት ደግሞ አለ፤ ይኸውም 0.999… ከ1 ጋር እኩል ነው ወይስ ያንሳል? የሚለው ነው። የተለመደው መልስ አንድ ሦስተኛ 0.333… ስለሆነ በሦስት ሲባዛ 0.999… ይሆናል የሚል ነው። ይህ መልስ ጠንቃቃውን ተማሪ አያረካም፤ 0.333… ራሱ ከአንድ ሦስተኛ በጥቂቱ ያንሳል ብሎ ሊመልስ ይችላልና። መልሱም ስንፍና አይደለም። የሚሻለው ተማሪው በሁለቱ መካከል የሚገኝ አንድ ቁጥር እንዲጽፍ መጠየቅ ነው። 0.9 ከ1 በአንድ አሥረኛ፣ 0.99 በአንድ መቶኛ፣ 0.999 በአንድ ሺህኛ ያንሳል፤ ማለቂያ የሌለው አስርዮሽ የሚባለውም እነዚህ ሁሉ ያለ ወሰን የሚቀርቡት ቁጥር ነው ተብሎ በትርጉም መወሰኑ ሊነገረው ይገባል። አብርሃም ሮቢንሰን በ1960ዎቹ ከማናቸውም ክፍልፋይ ያነሱ፣ ነገር ግን ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮችን ያለ ተቃርኖ ማቋቋም እንደሚቻል አሳይቷል፤ ስለዚህ «ጥቂት ይቀራል» የሚለው የተማሪው ስሜት በሒሳብ ውስጥ መኖሪያ አለው። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ባሉት ቁጥሮች ግን 0.999… እና 1 የአንድ ቁጥር ሁለት አጻጻፎች ናቸው። ለዚህ ሙግት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ጊዜውም የጂኦሜትሪያዊ ተርታ ድምር ከተጠናቀቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።