ጥርስ ሲሞላ የሚቀባው አሲድና 15 ሰከንዱ

ከኢስትሊም ከኪሊማኒም፣ ናይሮቢ ያለን ሐበሾች ደጋግመን የምንጠይቀው ነገር አለ፦ «ጥርሴን ካስሞላሁ ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ለምን ይነዝረኛል?» ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሙሌቱ ከፍ ብሎ ወይም ጉድጓዱ ለነርቩ ቀርቦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምጽፈው ታካሚ ስለማያየው ምክንያት ነው፤ ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር ከሚያጣብቀው ቦንድ በፊት ስለሚቀባው ጄል።

ጄሉ ፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 37 በመቶ ገደማ። መንገዱን የጀመረው አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮር ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. አሲድ የነካው ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ የውጭ ሽፋን፣ ሙሌትን አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነ አሲዱ ሻካራ ያደርገዋል፤ በአየር ቢደርቅም አይጎዳም።

ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ኮላጅንና ውሃም አለበት፤ ወደ ነርቩ የሚዘልቁ ረቂቅ ቱቦዎችም አሉት። አሲዱ ከመቦርቦሪያው የተረፈውን ብናኝ ጠርጎ ቱቦዎቹን ይከፍታል፤ ጥቂት ማይክሮን ያህል ማዕድን አሟሙቶም የኮላጅኑን ክር ያራቁታል። ቦንዱ ክሩ መሃል ሰርጎ ሲጠነክር፣ ጃፓናዊው ኖቡኦ ናካባያሺ በ1982 እ.ኤ.አ. የገለጸው ድብልቅ ንብርብር ይፈጠራል። ሙሌቱን የሚይዘው ይህ ነው።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አሲዱ ዴንቲን ላይ ከ15 ሰከንድ በላይ ከቆየ ማዕድኑ ቦንዱ ከሚደርስበት በታች ይሟሟል። ታጥቦ ሲያበቃ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ክሩ እንደጠወለገ ጎመን ይተኛል፤ ቦንዱ መግቢያ ያጣል። በሁለቱም ቱቦዎቹ በደንብ አይታሸጉም። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ይነዝራል፤ የተራቆተውን ክር የዴንቲኑ የራሱ ኢንዛይሞች ይበሉታል፣ ሙሌቱም ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል።

ለእኛ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከናኩሩና ከናይቫሻ እስከ ወንጂና መተሐራ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የናይሮቢ ብዙ ጉድጓዶችም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋሉ። በፍሎራይድ የበለዘ ኢናሜል አሲድን ስለሚቋቋም ሐኪሙ ጄሉን ሊያቆየው ይችላል። ጭማሪው ግን ለኢናሜል ብቻ ነው። ስለዚህ ጄሉን የኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ብቻ ቀብቶ፣ ዴንቲኑን ለዘብ ያለ አሲድ በውስጡ ለያዘ ቦንድ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰከንድ መቁጠር የሐኪሙ ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ጄሉ ታጥቦ ቦንዱ በመብራት እስኪጠነክር አፋችሁን አለመዝጋት ነው፤ ምራቅ ከነካው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መለስተኛ መንዘር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። እየባሰ ከሄደ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን በማስታገሻ አታባብሉት፤ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ።